ብርቱካናማው ሲወርድ

ክቡራትና ክቡራን፣ እዚህ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ አንዱ ለሌላው «ጋሽ ዓይኑ ከሄደ እንግዲህ የሚያይልን የለም» ሲል ሰማሁ። ደንግጬ ገባሁና ቆጠርኳችሁ። ሠላሳ አራት ናችሁ። ከመጋዘን ኃላፊያችን በቀር ሁላችሁም ነቅታችኋል፤ እሱን በማንኮራፋቱ ለየሁት። ስለዚህ የሚያይ አልጠፋም።

የጡረታ ሽኝቴን ላሰናዳችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ስለ እኔ የሌለ ነገር ለተናገራችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥራ አስኪያጃችን «እንደሱ ዓይን ያለው ሰው አላጋጠመኝም» ሲሉ ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ትናንት ጨው ስትለኝ ስኳር ያቀበልኳት ሰው ነኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት ቅጠል ፈጨሁ። ጎረቤቴ ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ከቆስጣ ቫይታሚን አወጣለሁ» አልኩት። «ታዲያ ቆስጣውን ለምን አትበላውም?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ እየፈለግኩለት ነው።

ግን የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። የተፈጨውን ቅጠል ቤንዚን በሚመስል ፈሳሽ ዘፍዝፈን፣ ነጭ ዱቄት በተጠቀጠቀ የመስታወት ቱቦ ላይ አፈሰስነው። አረንጓዴ ነው። ዝም ብሎ አረንጓዴ። ከዚያ ከሥሩ ብርቱካናማ ቀለበት ተለይቶ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

«ይሄን ማን ጨመረው?» አልኩ።

«ማንም። ድሮም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው» አሉኝ የዚያን ጊዜው አለቃዬ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እስከዚያ ቀን ቅጠል ሳይ ምን ነበር የማየው? ቫይታሚኑ ያ ብርቱካናማው ነው፤ ከአንድ ኩንታል ቅጠል የሚወጣው በሻይ ማንኪያ ይሰፈራል። ያቺ ማንኪያ ሰው ሆድ ስትገባ ዓይን ትሆናለች፤ ሲመሽ የገዛ ደጁን የማይለየው ሰው በእሷ ይለያል። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼው አልለመድኩትም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው ክፍሉ ደብዛዛ ነው። ከቱቦው ሥር ያለውን ቧንቧ ብርቱካናማው ሳይደርስ ወደ ጠርሙሱ ካዞርከው የያዝከው ባዶ ፈሳሽ ነው፤ ከዘገየህ የደከምክበት ሁሉ ከቆሻሻው ጋር ሄዷል። ጋሽ ዓይኑ ያላችሁኝም ሰዓቱን ስቼ ስለማላውቅ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ቧንቧው የምክትሌ ነው። አራት ዓመት አጠገቤ ቆማለች። ትናንት መጥታ «ጋሼ፣ እኔ ይቅርብኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«የወር ምርት በእጄ ቢፈስስስ? ያንተ ዓይን የለኝማ።»

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ።»

«በምን?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

«ይሄ ማስተማር ነው ሹፈት?»

ኃላፊነቱን አልቀበልም የሚለውን ደብዳቤ ጽፋ ጨርሳለች። አሁን ያቀፈችው ቦርሳ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና አይንሳችሁ። የምትፈጩት አይጉደል፤ ልጆቻችሁ ቅጠል የሚበሉ ይሁኑ። ሲመሽ ወደ ቤት ስትገቡ ከበሩ ላይ ለይቶ በስማችሁ የሚጠራችሁ ሰው አትጡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። ብርቱካናማውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቧንቧውን የማዞረው ምክትሌ ትንፋሿን ስትይዝ ነው።