ማኅተም የሌለው ትእዛዝ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የሱሉልታ ስልክ ጣቢያ ኃላፊ ስሆን፣ አዲስ አበባ ያሉት ዲሬክተራችን ራሳቸው ስልክ አያምኑም ነበር። ሥራውን በስልክ እናቀላጥፍ ባልኩ ቁጥር፣ "ማኅተም የሌለው ትእዛዝ ትእዛዝ አይደለም" ይሉኛል። አንድ ክረምት እሳቸው ደወሉና የስልክ እንጨቶቹን ዛሬውኑ በኦቦ ጉታ የገብስ ማሳ ላይ አስተክል አሉኝ።

"ማኅተሙስ ጌታዬ?"

"በስልክ እንሥራ እያልክ የነዘነዝከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሰውየው ሠለጠኑ ብዬ ደስ እያለኝ አስተከልኩ።

ገብሱ ተረግጦ ኦቦ ጉታ አቤት ሲሉ፣ ዲሬክተሩ አቤቱታውን ሊያጣሩ በመጡት ሰዎች ፊት "ማኅተሜን አሳየኛ" አሉኝ። የማሳየው አልነበረኝም፤ ተባረርኩ። ዛሬም ስማቸው ሲነሣ፣ አዲሱን መሣሪያ መልመድ ያቃታቸው ሽማግሌ ነበሩ ይባላል። ስልክ ቃል አድርሶ ዱካ እንደማይተው ከሁላችንም ቀድመው የገባቸው ግን እሳቸው ናቸው።