አራስ ልጅ ይዞ ወደ አሰብ

«ነገ የሚነሣውን ነፋስ ዛሬ ማን አይቶት ነው የጻፈው?» ብለው ጋሼ ተክለማርያም ሲጠይቋት ወርቅዬ ዘንቢሏን ታቀፈች። የቆሙት ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከመሸሻ የጭነት መኪና አጠገብ ነበር። እሷ ከገበያ ስትመለስ፣ እሳቸው መኪናውን ሊያዩ ሲመጡ፣ ድንገት ተገናኙ እንጂ የተቀጣጠሩ አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርቅዬ ልጅ ብርቱካን ከወለደች ገና ክርስትና ማንሣቷ ነው። ባሏ ከክረምቱ በፊት አሰብ ወደብ ስለተመደበ ልጁን በዓይኑ አላየም። ሾፌሩ መሸሻ ረቡዕ ጭኖ ስለሚወርድ እናትና ልጅ ከጎኑ ተቀምጠው እንዲሄዱ ተስማምተዋል። በሶውም ዳቦ ቆሎውም ደርሷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የወርቅዬ የሟች ባሏ አጎትና የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ የሆኑት ጋሼ ተክለማርያም፣ እሑድ ዕለት ዘመድ በተሰበሰበበት ቆመው መንገዱን መርቀዋል። እሳቸው ባደጉበት በጎጃም ተመርቆ የተነሣ መንገደኛ ወደ ኋላ አይልም፤ ካለ ገድ የለውም።

ወርቅዬ ግን ትናንት መሠረተ ትምህርት ገብታ የወጣችው ጭንቀት ይዛ ነበር። መምህርቷ ገነት ለንባብ ልምምድ ጋዜጣ አምጥታ ለየሰዉ ቁራጭ ቁራጭ ስታካፍል ለወርቅዬ የደረሳት የመጪው ሳምንት የአየር ጠባይ ነው። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተተች፣ በቀይ ባሕር ዳርቻና በዙሪያው ባለው ቆላ ሙቀቱ እንደሚበረታ፣ አሸዋ የሚያነሣ ደረቅ ነፋስ እንደሚጠበቅ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ግን ጋብ እንደሚል አነበበች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡላት። እሷ ግን ጭብጨባውን አልሰማችም፤ ያነበበችው በትክክል እንደሆነ ለማረጋገጥ ደግማ አየችው። ያው ነው።

ይህንኑ ስትነግራቸው ነበር ጋሼ ተክለማርያም ያንን ጥያቄ የሰነዘሩባት። ቀጥለውም ሳቅ አሉ።

«ነቢይ በደመወዝ መቀጠሩን አላወቅሁም ነበር» አሉ። «መስቀል አልፏል። ዝናቡ ወጥቷል። ሰማዩን አታይውም? እንዲህ ጠርቶ ሳለ ምን መዓት ይመጣል?» ከዚያም ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «አደራህን መሸሻ፣ መስኮቱን እስከ አሰብ እንዳትከፍት። ልጁን ነፋስ ይመታብኛል» አሉት።

መሸሻ ጎማውን እየመታ ይፈትሽ ነበር። «አባባ፣ ያንን ቆላ መስኮት ዘግተን ካቋረጥን አሰብ የምንደርሰው ዳቦ ሆነን ነው» አለ።

«አንተ ብትጋገር ግድ የለም፤ ልጁን በደንብ እንጠቀልለዋለን።»

በዚህ መካከል መምህርት ገነት ከውይይት ታክሲ ወርዳ ወደ እነሱ መጣች። ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ አባባ?» አለች።

«‹ጓድ› ሳትዪኝ ስለጠየቅሽኝ ደህና ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «በይ ነዪ። ይቺን ሴት ያስፈራራሻት አንቺ ነሽ አሉ።»

ገነት የሆነውን ከወርቅዬ ሰማች። ልጅ ናት፤ ግን ሽማግሌ ማሳፈር ትምህርት እንዳልሆነ ታውቃለች።

«አባባ፣ በርበሬዎ ደጅ ተሰጥቶ ሳለ ወጨጫ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ ምን ያደርጋሉ?»

«አስገባዋለሁ።»

«ሳይዘንብ?»

«ከዘነበ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?»

«እንግዲህ ያልመጣውን ዝናብ ቀድመው አወቁ ማለት ነው። ማንም ነቢይ አላለዎትም።»

ጋሼ ተክለማርያም ጺማቸውን ዳሰሱ። «እኔ ወጨጫን በዓይኔ አየዋለሁ። አሰብን ከኮልፌ ማን ያየዋል?»

«እዚያው ያሉ ሰዎች ያዩታል። የነፋሱን አመጣጥ፣ የሙቀቱን ልክ በመሣሪያ እየለኩ ወደዚህ ያስተላልፋሉ፤ የየቦታው ሲሰበሰብ የሚመጣው ይገመታል። መስቀል ሲያልፍ የሚጠራው የእኛ የደጋው ሰማይ ነው። ባሕሩ ዳርቻ ሌላ አገር ነው፤ በእኛ ሰማይ አይታወቅም።»

«አይሳሳቱም?»

«ይሳሳታሉ እንጂ፤ አንዳንዴ።»

«ታዲያ!» አሉ፣ እንዳሸነፈ ሰው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ እያደረጉ።

«እነሱ ቢሳሳቱ ብርቱካን አንድ ሳምንት እናቷ ቤት ትታረሳለች። እርስዎ ቢሳሳቱስ አባባ?»

ሽማግሌ በአንዱ በር መውጫ ቢያጣ በሌላው ይወጣልና፣ «ሙቀት ልጅ አይጎዳም» አሉ። «ልጅ የሚጎዳው ብርድና ነፋስ ነው። እኛ ሁላችን በጥቅልል፣ በተዘጋ ቤት ነው ያደግነው።»

ወርቅዬ እስካሁን ዘንቢሏን እንደታቀፈች ቆማ ነበር። በባሏ አጎት ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁን ግን የሕፃኑ ላብ ያወረዛው ግንባር ታያት።

«ጋሼ» አለች፣ «መኪናውን ሊያዩ አይደል የመጡት? እስቲ ይግቡበትና ይዩት። መስኮቱም እንዳሉት ይዘጋ።»

መሸሻ ፈገግታውን ሸሽጎ በሩን ከፈተላቸው። ጋሼ ተክለማርያም እምቢ ማለት ስላሳፈራቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጥተው ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ። የቀትር ፀሐይ ከመኪናው ብረት ላይ አርፋለች። ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጣራሉ። ሽማግሌው መጀመሪያ ቀና ብለው እንደ ዳኛ ወደፊት ተመለከቱ። ቆየት ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከናፍራቸው ተላቀቀ፤ ዓይናቸውም መሸሻን መፈለግ ጀመረ። በመጨረሻ በጣታቸው መስታወቱን አንኳኩ።

ሲወርዱ ማንም አልሳቀም። ወርቅዬ ውሃ ከኪዮስክ አምጥታ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ጣሳውን መለሱላት።

«እኔ አንኳኳሁ» አሉ ኋላ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ጥቅልል ልጅ ግን አያንኳኳም።»

ወርቅዬ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ዕንባዋን እንዳያዩባት።

ጋሼ ተክለማርያም ግን አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። «እሺ፣ ይሁን። ዘመድ ፊት ቆሜ የመረቅሁትን ነገር እንዴት ላድርገው? ምርቃት እንደ ልብስ ይታጠፋል?»

ገነት ወደ ወርቅዬ ዞር አለች። ይህ በጋዜጣ የሚገኝ ነገር አይደለም። የመለሰችላቸው ወርቅዬ ናት።

«እርስዎ የመረቁት ልጆቹን ነው ጋሼ፤ ረቡዕን አይደለም። ምርቃትዎ አብሯቸው ይቆያል፣ ሲሄዱም አብሯቸው ይሄዳል።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። «ይሄንንም መሠረተ ትምህርት አስተማሩሽ?»

«የለም፣ ይሄን እንኳ ከእርስዎ ቤት ነው ያገኘሁት።»

«በይ እንግዲህ፣ ወሬው ከኔ አፍ ይውጣ» አሉ። «ዘመዱ ‹ወርቅዬ ፈርታ አስቀረቻት› እንዳይል። እኔ አስቀረኋት።» ወደ መሸሻም ዞረው፣ «አንተስ?» አሉት።

«እኔ ጭነቴ ይጠብቀኛል አባባ። በሳምንቱ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ እወስዳቸዋለሁ። መስኮት ከፍቼ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ተስተካከለ። ነገን አስቀድሞ መጠየቅ እግዜርን መድፈር አይደለም፤ አስጥቶ ያደረቀውን እህል የሚያስገባ ገበሬም፣ ልብስ የሚያሰጣ ሰውም፣ ቆላ የሚወርድ መንገደኛም በጊዜ ቢያውቅ ራሱንም ልጁንም ያድናል። ለቆላ ሕፃን ስስ ልብስ እንደሚበቃው፣ ቶሎ ቶሎ ጡት እንደሚያስፈልገው፣ መንገድም ሲሆን ገና ሳይነጋ ጀምሮ በቀትር ጥላ መያዝ እንደሚሻል ገነት ለብርቱካን አስረዳቻት። ጋሼ ተክለማርያምም ራዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት እየሄዱ፣ «ዝም በሉ፣ ስለ ባሕሩ ሊናገር ነው» ማለት ለመዱ። መሸሻ ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሞተሩ አሸዋ ጠጥቶ ሁለት ቀን መንገድ ላይ እንደዋለ ነገራቸው፤ ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ መረቁ።

በዚያ ረቡዕ መኪናው ሄደ፤ ብርቱካንና ልጇ ቀሩ። ነፋሱ ጋብ ሲል እነሱም ሄዱ፤ ወርቅዬ ኮልፌ ቀረች።