የእጅ መጥረጊያው ጨርቅ

መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ብቻ ይመስላችኋል? እኔ አሰብ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። አንድ መኪና እየተቀያየርን የምንነዳው ጓደኛዬ ግርማ ከአዲስ አበባ ስንመለስ በረሃው ላይ ወባ ጥሎት ሞተ። መንገድ ላይ ካገኘኋቸው ሾፌሮች ጋር እዚያው ቀብረነው ብቻዬን እየነዳሁ ከተማ ገባሁ። ሚስቱን ሽማግሌዎች በማግስቱ ማለዳ እንዲያረዷት ተማክረን ነበር፤ እኔ ግን ወደብ ለመድረስ የግድ በደጃቸው ማለፍ አለብኝ። ቀስ ብዬ ላልፍ ስል፣ ገና አፉን ያልፈታው ልጃቸው የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ወጣና መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ምን ላድርግ? አቁሜ ወረድኩ።

ልጁ አሮጌ ጨርቅ ዘረጋልኝ። እናቱ ከኋላው መጥታ እየሳቀች፣ «ግርማ የናፍጣ እጁን ሳይጠርግ አያቅፈውም። ጥረግና አንሳኝ ነው የሚልህ» አለችኝ። ጠርጌ አነሳሁት። ፊቴን ትክ ብሎ አየና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ጣቱን ወደ ጋቢናው ቀሰረ። እሷም ጣቱን ተከትላ አየች። ጋቢናው ባዶ ነው።

«ተካ፣ ግርማስ?» አለችኝ።

«ኋላ ይመጣል» ልል አፌን ከፈትኩና አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ገባት። መሬት ላይ ወድቃ እየጮኸች አሸዋውን በሁለት እጇ እየዛቀች ራሷ ላይ ትበትን ጀመር። ልጁ ከእቅፌ ታግሎ ወረደ፤ ጨርቁን ከእጄ ነጥቆ ወደ እናቱ ሄደ። እጇን አየው፤ አሸዋ ብቻ ነው።

ጨርቁን ዘረጋላት።