የለቃሚዋ ማሽን ሕመምና መድኃኒቱ

የስፌት ማሽን ጠጋኙ ሽማግሌ በፖስታ ቤቱ በር ሲያልፉ፣ አንዲት ልጅ ቁመቷን ሊያክል ምንም ያልቀረው ካርቶን ታቅፋ አልወጣ ብሏት ስትታገል አዩ። «ኧረ በጎኑ አዙሪው!» ብለው ሊያግዟት ጠጋ ቢሉ የገዛ ወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች።

«ጋሼ! እሰይ፣ እርስዎን ነው የጣለልኝ! በዚያ በኩል ይያዙልኝ፤ ማሽኔ መጣችልኝ!»

«የምን ማሽን ነው ደግሞ? ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ መስፋት የጀመርሽው?»

«የስፌት አይደለችም፣ ለቃሚ ናት። እነዚያን የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በአየር እየሳበች ታነሣና ሰርኪት ቦርድ ላይ በየቦታቸው ታስቀምጣለች። የመጣችው ተበታትና ነው፤ የምገጣጥማት እኔ ነኝ።»

«እንደ ዶሮ ትለቅማለች በይኛ!» ብለው ሽማግሌው ሳቁ።

ካርቶኑን ለሁለት ተሸክመው ሲሄዱ ልጅቷ አፏ አልተዘጋም። የጣሪያ ውኃ ታንከር ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ ሠርታለች። አንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ አይቶ ወዶታል፤ ቅዳሜ መጥቶ አሠራሯን ሊመለከትና በብዛት ሊያዛት ነው። በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀመች ግን በብዛት መሥራት አትችልም።

«ቅዳሜ ካልሆነልኝ፣ አባባ ባገኘልኝ የመዝገብ ቤት ሥራ እገባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አለች። ይህን ስትል ብቻ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ታዲያ ከእኔ ሱቅ ሌላ የት ልትገጣጥሚያት ኖሯል? ጠረጴዛው ሞልቶ!» አሉ ሽማግሌው።

እኚህ ሽማግሌ ደግ ሰው ነበሩ፤ እጃቸውም የተባረከ ነው። ነገር ግን አንድ ያረጀ ልማድ ነበራቸው። በእርሳቸው ሱቅ «ተሳስቻለሁ» የሚባል ቃል ተነግሮ አያውቅም። ዕቃ ቢሰበርባቸው ከኪሳቸው አውጥተው ይተኩና ለባለቤቱ «ምንም ችግር የለም» ይሉታል። ባለሙያ ጉድለቱን ከተናገረ ማን ያምነዋል? ብለው ያስባሉ። እንዲህ የሚያስብ ሰው በየሙያው ስንት አለ!

ልጅቷ ብሎኖቹን በየመጠናቸው በስኒ በስኒ ለየች። አግዳሚዎቹን አሰረች፤ ቀበቶውን ወጠረች፤ የአየር ቱቦውን ከፓምፑ ጋር አገናኘች። መጀመሪያ ማብሪያውን ስትነካው ማሽኗ ወደ ግራ ሂጂ ስትባል ወደ ቀኝ ገሠገሠችና ከጠርዙ ጋር ተላተመች። ሽማግሌው ደነገጡ። ልጅቷ ግን በሣቅ ፈነዳች።

«ሽቦውን ገልብጬ ነው የሰካሁት! አይ የእኔ ነገር!» አለችና በሩ ላይ ለቆመች ጎረቤት ሳይቀር ነገረች። ሽማግሌው በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ።

ሽቦው ተስተካክሎ ማሽኗ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ግን እርሳቸውም ሳያስቡት አጨበጨቡ። ከዚያ ልጅቷ የጎደሏትን ብሎኖች ልትገዛ ወጣ አለች፤ ሽማግሌውም ከማሽኗ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ዞረው ዞረው ቢያዩዋት አንድም ቦታ ዘይት የላትም! በእርሳቸው ሙያ ይህ ነውር ነው። «አይ የዛሬ ልጆች! ደረቋን ሊያስሮጧት!» አሉና የዘይት መርፌያቸውን አንሥተው፣ ወደ ታችና ወደ ላይ በሚመላለሰው ዘንግ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉላት። ቅባቱ እስከ መምጠጫዋ ጫፍ ሲወርድም እሰይ አሉ። ለልጅቷ ግን አልነገሯትም፤ ውለታ አይቆጠርም ብለው ነው።

ከሰዓት በኋላ ለቃሚዋ ሥራ ጀመረች። ጎንበስ አለች፣ አንዲት ቅንጣት አነሣች፣ አያያዟን ከሚያየው ካሜራ በላይ አሳልፋ ወሰደች፣ ልክ በቦታዋ ላይ ተጫነቻት፤ ስትነሣ ግን ቅንጣቷም አብራ ተነሣች። ደግማ ብትሞክር ያው ነው። ማንሣቱን ታነሣለች፤ መልቀቁን እምቢ አለች።

«አየሩን የሚለቀው ቫልቭ ይሆናል» አለች ልጅቷ። ፈታችው፣ ነፋችው፣ መለሰችው። አልሆነም። ማሽኗን የሚመራውን ትእዛዝ በላፕቶፗ ለወጠች። አልሆነም። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ የማሽኗን ፎቶግራፍ ታነሣ ጀመር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይህችኑ ማሽን የገጣጠሙ ሰዎች ማኅበር በኢንተርኔት አለን። እምቢ አለችኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ ልላቸው ነዋ።»

«በስመ አብ! ገመናሽን ለማታውቂው ሕዝብ ልትዘረግፊ? ነጋዴው ቢሰማስ? ልጄ፣ ሰው ጉድለትሽን ካወቀ መሣቂያ ነው የሚያደርግሽ።»

«ይሣቁ ጋሼ፤ ከሣቁ በኋላ ይነግሩኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉኝ ትንሽ ሆኜ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እሱ ስለ ሕመም ነው!»

«ይህችስ ታማ የለም እንዴ? ይመልከቱ፤ እኔ ዛሬ ያጠፋሁትን ብጽፍ ነገ ሌላው አያጠፋም። ሁላችንም ደብቀን ብንቀመጥ ግን ሁላችንም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በየተራ መውደቃችን ነው። ምን የሚሉት ብልኀት ነው?»

ሽማግሌው የለመዱትን ተናገሩ፦ «እኛ እንዲህ አልተማርንም።»

መልሱ ብዙም አልቆየም። ከማኅበሩ አንዱ «የመምጠጫዋን ጫፍ እዩት፤ ቅባት ነክቶት ቅንጣቷን አጣብቆ እንዳይሆን» ብሎ ጻፈ።

«ቅባት?» አለች ልጅቷ። «እኔ ዘይት የሚባል ነገር በአጠገቧ አላስደረስኩም። ይህ አይሆንም።» እንዲህ ብላ አለፈችው።

ሽማግሌው የዘይት መርፌያቸውን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። እንዳይናገሩ አፈሩ፤ እንዳይተዉት ኅሊናቸው እምቢ አለ። ልጅቷ ከማሽኗ ጋር በትርፍ የመጣውን አዲስ ቫልቭ ገጥማ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ፣ ፈጠን ብለው ጫፉን በጨርቅ ጠረጉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ልጅቷ ማሽኗን አስነሣች። ለቃሚዋ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ለቀቀች! ደገመች! «ሆነ! ጋሼ ሆነ! ቫልቩ ነበር!» ብላ አቀፈቻቸው። ወዲያው ለማኅበሩ «ጥፋቱ የቫልቩ ነው፤ ቀይሩት» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ከጥርስ አላለፈም። በእርሳቸው ዝምታ የተነሣ ልጅቷ ለስንት ሰው ውሸት አስተማረች!

ደስታውም አልበረከተ። ዘይቱ ከዘንጉ ውስጥ ቀስ እያለ ወረደና ለቃሚዋ ቅንጣቶቹን እንደገና ይዛ ትዞር ጀመር።

ልጅቷ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «ቫልቩም አይደለም ማለት ነው። አሁንማ ምን እንዳዳናት፣ ምን እንዳሳመማት አላውቅም። ነገ ቅዳሜ ነው።» እንባዋ ቅርር አለ። «ለአባባ ልደውልለት።»

«ስልኩን አስቀምጪው» አሉ ሽማግሌው።

«ምነው ጋሼ?»

«ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ብሎን ልትገዢ ስትሄጂ። ቅድምም የሠራችው በቫልቩ አይደለም፤ ጫፉን ጠርጌው ነው። ዘንጉ ውስጥ ግን ገና አለ።» ይህን ለመናገር ከወንበራቸው ተነሥተው መቆም ነበረባቸው።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «ጋሼ! ዘይቱንስ ለእኔ ብለው ነው። ግን ከፊትዎ ተቀምጬ ስለፋ እንዴት ዝም ይሉኛል?»

«አፈርኩ ልጄ። አርባ ዓመት ሙሉ አፍሬ ኖሬ፣ በአንድ ቀን እንዴት ልልመደው?»

ልጅቷ የመምጠጫዋን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ በድንገት ዘላ ተነሣች። «ታዲያ አወቅነው እኮ! ጋሼ፣ በሽታውን አወቅነው! ካቻቢቴውን ያቀብሉኝ!»

«ኧረ ወዲያ በይ! ዘንግ ማጠብማ የእኔ ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌው። ስንት የስፌት ማሽን ዘንግ አጥበዋል! ፈቱት፤ በአልኮል አጠቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ እያሹ አደረቁት፤ እርሷም ቱቦውን ለወጠች። ከዚያ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ማብሪያውን ነኩት።

ለቃሚዋ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ለቀቀች። ቦርዱ ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ሽማግሌው «አይዞሽ! በያት! እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ እንደ ፈረስ ጋላቢ ይጮኹ ነበር።

ቅዳሜ ነጋዴው መጣና ማሽኗን ተገትሮ ሲመለከት ዋለ። «እስካሁን ችግር አልገጠማችሁም?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ሽማግሌው ቀደሟትና ከዘይቱ እስከ ጨርቁ፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት።

ነጋዴው ሣቀ፤ ቆይቶ ግን «ከዚህ በፊት ዕቃ ያመጣልኝ ሰው ምንም ችግር የለም እያለ ነው ያከሰረኝ» አለ። «እናንተ ሲበላሽ የምትናገሩ ከሆናችሁ፣ ሥሩልኝ።»

እንግዲህ ልብ እንበል። ስሕተትን መናገር የተናገረውን ሰው ሸክም ያቀልለታል፤ የሰማውንም ከከንቱ ድካም ያድነዋል፤ አብረው የሚሠሩትንም ያስተማምናቸዋል። የደበቁት ስሕተት ግን እንደዚያ ዘይት ነው፤ ጫፉን ቢጠርጉት ከውስጥ ይወርዳል።

ነጋዴው እንደወጣ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ ሳቡ። «በይ ለእነዚያ ሰዎች ጻፊልኝ። ጥፋቱ የቫልቩ አይደለም፤ ሽማግሌ አጎቴ ሳይጠይቀኝ ዘይት ጨምሮ ነው በይ። ሽማግሌ የሚለውን እንዳትተዪ።»

ቀጣዩን ቦርድ ገና ሳይጨርሱ መልስ መጣ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «እኔም ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። እኔም ዘይት ጨምሬባት ነበር፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። ተበላሽታለች ብዬ ምድር ቤት ከጣልኳት ዓመት አለፈ። አሁን ላወጣት እየወረድኩ ነው።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቶሎ ጻፊለት እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ! ጫፉን ብቻ እንዳይጠርግ፣ ዘንጉን ፈትቶ ይጠብ በይው። ለልጆቹም ይንገራቸው።»