የባት ልክ

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት አሮጊትና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ጎልማሳው የልብስ ሰፊ ሜትር በጣቱ ይጠቀልላል።

«ልብስ ሰፊ ነህ ልጄ?»

«የለም እማማ፣ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። በዚህ የሯጮች ባት እለካበታለሁ።»

«ባታቸው ምን ያደርግልሃል?»

«ጉልበታቸውን ለማወቅ ነው። እሁድ እሁድ ለጤናቸው የሚሮጡ ሰባት ወጣቶች ነበሩኝ። ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ ማን ዳገት እንደሚችል በደብተር እጽፍ ነበር።»

«እኛ ዘንድ ሰው የሚለካው ጉድጓድ ሲቆፈርለት ነው።»

«ይኼ ሌላ ነው እማማ።»

«ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደብተሩን ቀበሌ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። ከዚያ ከብርቱው ጀምረው በተራ ወደ ጦሩ ወሰዷቸው።»

«ሁሉንም?»

«ትንፋሽ የሚያጥረው አንዱ ቀረ። አሁን ብቻውን ይሮጣል። የስድስት ሰው ኮቴ ከኋላዬ ይሰማኛል ይላል።»

«አንተስ ሰምተሃል?»

«እኔ አልሰማሁም። ግን በየሳምንቱ እየፈጠነ ነው።»

«ይኼንንም ጽፈኸዋል?»

«ጽፌዋለሁ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«ዳባትስ ምን ልትሠራ ነው?»

«እዚያም የሚሮጡ አሉ ተብሎ ነው የተላክሁት።»

ያደረግሁትን የመሮጫ ሸራ ጫማ ቀስ ብዬ ከወንበሬ ሥር ሸሸግሁት።