ወተት ያጸደቀው አማች

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠው ነበር።

«የሚስቴ አባት ልጃቸውን የዳሩልኝ የጽጌን ጾም እንኳ ስለምጾም ነው።»

«አንተ ደግሞ መቼ ጾመኛ ሆንህ?»

«ወተት ስጠጣ ሆዴ ተነፍቶ ያስሮጠኛል፤ በጾም ግን ሰላም ነኝ።»

«ልጅ ሳለህ እንደ ጥጃ ትጠጣ አልነበር?»

«የወተትን ስኳር የሚፈጨው ንጥረ ነገር በብዙ ሰው ሆድ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል አለችኝ ሐኪሟ።»

«ታዲያ ለእርሳቸው ንገራቸዋ!»

«ጽድቄን በገዛ አፌ ላፍርስ?»

«ዛሬ እኮ ፋሲካ ነው! ወተት ሲያቀርቡልህስ?»

«ስእለት አለብኝ እላለሁ።»

ከኋላችን አንዲት አሮጊት ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ ሠርግህ ላይ ነበርሁ። የሚስትህ አባትም ወተት በሰጠናቸው ቁጥር ስእለት አለብኝ ነው የሚሉ፤ እኛም ጻድቅ ነበር ያልናቸው።»

እኔ አምና «ስእለት አለብኝ» ብለው ወተቴን ላልቀመሱት ለባሌ እናት የያዝሁትን የወተት ጀሪካን ክዳን ይበልጥ አጠበቅሁት።