በጋሼ ኃይለመስቀል ላይ የተለጠፈው ስም

ከጓሳ ማዶና ከራቤል ድረስ ዳገት ቁልቁለቱን ችላችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ አባቶቻችን ካህናትም፣ ብድራችሁን እግዜር ይክፈል። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ ነፋሱ ካልቀማን ቶሎ ያልቃል።

አቶ ኃይለመስቀል ፍቅረ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ከዘመሮ ወረድ ብሎ በዚሁ አጥቢያ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው አስኳላ ቢገቡም አባታቸው ሲታመሙ ከአራተኛ ክፍል ወጥተው ሞፈር ጨበጡ፤ ይሁን እንጂ ፊደል ካዩ ሳያነቡ የማያልፉ፣ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አንብበው የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ አማከለችን በቁርባን አግብተው ሰርካለምንና ማሙሽን ወለዱ። ይህን የሚያነብላችሁ በኃይሉም የወይዘሮ አማከለች ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ጋሼ ኃይለመስቀል አሳድገው፣ ጥማድ በሬ ሰጥተው ጎጆ ያወጡት ነው።

ቆርምድ የሚባለውን የባቄላ በሽታ የማያውቅ እዚህ የለም፤ ቅጠሉን እንደ ኪንታሮት ያሳብጠውና ፍሬ ሳያስይዝ ያደርቀዋል። በ2006 ክረምት ሲገባብን ሰው ሁሉ ቁጣ ነው ብሎ ጠበል ረጨ። ጋሼ ኃይለመስቀል ጠበሉንም ረጭተው፣ ዘመሮ ወጥተው የግብርና ባለሙያ ጠይቀው፣ የፈንገስ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። "ጠበሉም የእግዜር ነው፣ ይኸም የእግዜር ነው፤ ብቻ ቅጠሉ ሳያልቅ ቶሎ እንበል" ብለው አቶ አትናቴዎስንና ሁለት ሌሎች ጎረቤቶችን አሳመኑ።

የማኅበራችን የመድኃኒት መርጫ አንድ ነው። ከእሳቸው በፊት የያዘው በኃይሉ ሲሆን፣ ሐምሌ አሥራ ስምንት የገብሱን የአረም መድኃኒት ረጭቶ ሲጨርስ ነገ ገብርኤል ነው፣ ማኅበሩም እሱ ቤት ነው፣ በበዓል ደግሞ ሥራ የለም፤ ኋላ ይታጠባል ብሎ መርጫውን እንዳለ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በሃያ ጠዋት ጋሼ ኃይለመስቀል መጡና "ታጥቧል ወይ በኃይሉ?" አሉት። የማኅበሩ ጠላ ገና ከራሱ አልወረደም። "ታጥቧል፣ ከእኔ ፊት ይልቅ የጠራ ነው ጋሼ" አላቸው።

ያ የአረም መድኃኒት ገብስን አይነካም፤ ባቄላን ግን ከአረም አይለየውም፣ መርጫው ውስጥ የቀረው ጥቂቱም ይበቃዋል። በሳምንቱ በዚያ መርጫ የተረጨው የአራቱም ሰው ባቄላ ተጠማዞ ተኛ። ሰው "የኃይለመስቀል መድኃኒት ፈጀው" አለ፤ እሳቸውም "መለኪያውን ተሳስቼ ይሆናል" ብለው ከጎተራቸው ገብስ ለሦስቱም ሰፈሩላቸው። በኃይሉ ምን አደረገ? ጠላ ቤት ገብቶ "ዶክተር ቆርምድ" የሚል ስም አወጣላቸው። ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ መርጫውን ማን አጠበው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስሙ ተለጥፎ ቀረ፣ ሰርካለምንም ገበያ ላይ "የዶክተር ቆርምድ ልጅ" አሏት። በዓመቱ መድኃኒት የሚረጭ ጠፋ፣ የአጥቢያው ባቄላ በሙሉ ባዶ ቀረ፤ ጋሼ ኃይለመስቀልም ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ስለ እርሻ ተናግረው አያውቁም።

አምና የልብ ድካም አልጋ ላይ ሲጥላቸው በኃይሉ ሊነግራቸው ሦስት ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀልድ አውርቶላቸው ወጣ። እሳቸውም ደክሟቸው እንኳ ሳቁለት። ትናንት ጠዋት በ66 ዓመታቸው አረፉ፣ ሳይሰሙት።

ስለዚህ ቢዘገይም እዚህ መቃብር አፍ ላይ ይነገር፦ ባቄላውን የፈጀው የጋሼ ኃይለመስቀል መድኃኒት ሳይሆን፣ በኃይሉ ያላጠበው መርጫና የዋሸው አፉ ነው። ያንን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራበት ሰው ካለ በኃይሉን ይጥራበት።

ጋሼ ኃይለመስቀል ባለቤታቸውን ወይዘሮ አማከለችን፣ ልጆቻቸውን ሰርካለምንና ማሙሽን፣ አራት የልጅ ልጆችንም ትተው ሄደዋል። መዛኙ አምላክ ያልሠሩትን በደል ዝም ብለው የተሸከሙበትን ዘመን ቆጥሮ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን።

ይህ ወረቀት ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ አማከለች ተነብቦላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተው ወንድማቸውን እንዲህ አሉት፦ "አንብበው፣ ሰው ይስማ። እኔ ግን ይቅር አላልሁህም።"